የአረማሞ ሠርግ

ባዮሎጂ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት «ስፖር» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ የጻፍኩበት ጠመኔ ቢሰበሰብ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ያለውን አስፋልት መሀል ለመሀል ነጭ መስመር ያሰምርበታል፤ የተረፈው ድንበር ተሻግሮ ገላባትንም ያዳርሳል። ቃሉ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። «ስፖር ማለት ፈንገስ የሚራባበት፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር ነው» እላለሁ፤ ተማሪው ይጽፋል፤ ፈተና ላይ መልሶ ይጽፍልኛል፤ እኔም ራይት አደርግለትና በሰላም እንለያያለን።

አንድ ግንቦት ላይ ሰላሙ ፈረሰ። የገንዳ ውሃን ግንቦት ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው፦ የገዛ ጥላህ ጥሎህ ሄዶ ዛፍ ሥር የሚቀመጥበት ወር ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ የክፍሉ ቆርቆሮ ይንጣጣል፤ ተማሪው ደብተሩን ማራገቢያ አድርጎታል፤ እኔ ስለ ማሽላ አረማሞ አስተምራለሁ። አረማሞን ለቆላ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ለሌላው ስል ግን፦ የማሽላው ዛላ ያምራል፣ ይሞላል፤ ጠጋ ብለህ ስታየው ፍሬ መስሎ የተቀመጠው ነገር ፍሬ ሳይሆን አመድማ ቋጠሮ ነው። በጣትህ ጫን ስትለው ፈንድቶ እንደ ጥቀርሻ ያለ ጥቁር ዱቄት ያፈስልሃል። ያ ዱቄት እንዳለ ስፖር ነው። የሳይንስ ስሙ ቴሊዮስፖር ይባላል ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ትርጉሙ ምንድን ነው? ሥራውን አይደለም፤ የቃሉን ማለቴ ነው።»

እኔ ደግሞ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ የማይወጣ ሰው ነኝ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ያለብኝ በሽታ ነው። ቴሊዮ የሚባል ጣሊያናዊ ሊቅ እንደነበረ፣ ዱቄቱን መጀመሪያ ያየው እሱ እንደሆነ፣ እንዲያውም አረማሞን በአገሩ ሊያይ ወደ መተማ ተነሥቶ ነጋዴ ባሕር ከተማ ላይ ሙቀቱ እንደመለሰው አስረዳኋት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ አጎንብሳ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ውሸቴ ሲሳቅበት እወዳለሁ፤ በሰማያዊ እስክርቢቶ ሲሰፍር ግን አልወድም። ይቺ ልጅ ይህን ይዛ ፈተና ልትቀመጥ ነው።

ደወሉ እንደተደወለ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። አንድ ያረጀ የባዮሎጂ መዝገበ ቃላት አለን፤ ግማሹን ምስጥ አንብቦታል፤ ደግነቱ ምስጦቹ እኔ የምፈልገው ገጽ ላይ ገና አልደረሱም ነበር። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው ይላል። «ስፖራ» መዝራት፤ ዘር። «ቴሎስ» ፍጻሜ፣ መጨረሻ። ፈንገሱ በወቅቱ ማብቂያ ላይ የሚያዘጋጀው የመጨረሻው ዘር ስለሆነ ቴሊዮስፖር ተባለ። ከሥሩ ደግሞ «ዲያስፖራ» የሚለውም ከዚሁ ከ«ስፖራ» እንደወጣ፣ የተበተነ ዘር እንደማለት እንደሆነ ጽፏል። እዚህች ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ የሆቴል አልጋ የሚያሳጡን ዘመዶቻችንና የማሽላ አረማሞ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ማን ያስብ ነበር?

ሳቄ ግን አልቆየም። ጣቴን ወደ መጀመሪያው ፍች መለስኩ። መዝራት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ጥቁር ዱቄት እንደ እድፍ ነበር የማስበው። እድፍ ይራገፋል፣ ይታጠባል፣ ያልቃል። ዘር ከሆነ ግን ዝናቡን ይጠብቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዘራው ሰው ይኖራል። የዘራው ማን እንደሆነ ድንገት ትዝ ሲለኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ስልኬን አወጣሁና የታኅሣሥን ፎቶዎች መፈለግ ጀመርኩ።

የፎቶውን ነገር ለመናገር መጀመሪያ አማቴን፣ ማለትም የሚስቴን አባት፣ ማስተዋወቅ አለብኝ። ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ዙሪያቸውን ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሰሊጥ ነው፤ የባለሀብቶች እርሻ ከአራቱም በኩል ከቧቸዋል። እሳቸው መሀል ላይ እንደ ደሴት ማሽላ ይዘራሉ፤ ያውም ሌላው ሰው የሚዘራውን፣ ወዳከር የሚባለውን የሱዳን ማሽላ አይደለም። ወጣት ሳሉ ወደዚህ ሲወርዱ ከአባታቸው ጎተራ በአቁማዳ ይዘውት የመጡት ነጭ ማሽላ ነው። ስም የለውም፤ «የኔ ማሽላ» ነው የሚሉት። ሌላ ሰው ዘንድ አይገኝም። በየዓመቱ ከመታጨዱ በፊት በእርሻው ውስጥ እየተዘዋወሩ ለዘር የሚሆነውን ዛላ ይመርጣሉ፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ምርጫው የሁለቱ ነበር፤ አሁን የእሳቸው ብቻ ነው።

ይህ ማሽላ ታዲያ ሁለት ዓመት ተከታትሎ በአረማሞ ተመታ። ባለፈው ታኅሣሥ አማቴ አውድማው ዳር ቆመው የተናገሩትን ሁላችንም ሰምተናል፦ ለሦስተኛ ጊዜ ከታመመባቸው መሬቱን ለሰሊጥ ይሰጣሉ፣ ዘሩን ይተዋሉ፣ ከተማ ገብተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ።

አማቱ ቤቱ እንዳይገቡ የሚፈራ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩኝ። እወዳቸዋለሁ። ግን ከዚያ በፊት ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው እኛ ቤት አንድ ሳምንት ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ቀን በር ላይ ወንበር አውጥተው ባጃጅ ሲቆጥሩ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን የግቢያችንን ሣር አንድ ሳይቀር ነቀሉት። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችንን። በአራተኛው ቀን የሚታረም ነገር ሲያልቅ እኔን ማረም ጀመሩ። በአምስተኛው ቀን ግን ያንንም ተዉት፤ ዝም ብለው ግድግዳ ያያሉ። ሚስቴ ያን ቀን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አማቴ ከማሽላቸው ሲለዩ ምን እንደሚመስሉ ያኔ አይተናል።

እንግዲህ በዚያ በታኅሣሡ ቅዳሜ ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ አረማሞ የመታውን ዛላ እየለየሁ፣ በጆንያ ከትቼ፣ ከአውድማው አርቄ ማቃጠል። መምህር ስለሆንኩ ቀላሉን ሥራ ነው የሰጡኝ። ለየሁት፤ ከተትኩት፤ እስከዚህ ድረስ ምስጉን ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ ምሳ ሰዓት ሆነ። አማቴ ውኃ ሊያስመጡ ሄዱ። የቀን ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተጋደሙ። እኔም ጆንያዬ ውስጥ እጄን ስከት ጣቴ ጠቆረ። የጠቆረ ጣት ደግሞ እኔን የመሰለ ሰው እጅ ላይ ሥራ አይፈታም።

መጀመሪያ ከወሎ የመጣውን ሠራተኛ ያዝኩት። በየዓመቱ አማቴ ዘንድ የሚመጣ፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት አልፎት ፊቱ ላይ አንዲት ፀጉር ያላበቀለ ሰው ነው። የድሮ ጀኔራል የሚያስቀና፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚደርስ ጢም ሣልኩለት። ሁሉም ተነሣ። «ጢም ከወጣለት መዳር አለበት» አልኩ። ከጎጃም የመጣ፣ ጢሙ ደረቱ ድረስ የወረደ ሠራተኛ ነበር፤ እሱን ነጠላ አከናንበን ሙሽሪት አደረግነው። እልልታው ሱዳን ሳይሰማ አልቀረም። ሙሽራ ደግሞ አበባ ይይዛል። ዙሪያዬን ስቃኝ ጎን ላይ ሰሌን ተነጥፎ፣ ላዩ ላይ አማቴ ለዘር የመረጧቸው ነጫጭ ዛላዎች እንደ ንጉሥ ተኝተዋል። አንድ እቅፍ አነሣሁና በዚያው በጠቆረ እጄ ለሙሽራው አስያዝኩት። እንዲደምቅ ብዬም ከጆንያዬ ጥቁሩን ዱቄት በእፍኝ እየዘገንኩ፣ ሠርግ ላይ አበባ እንደሚረጨው፣ ከራሳቸው በላይ በተንኩላቸው። ነፋሱ ወደ ሰሌኑ ነበር። ፎቶ አነሣኋቸው። ከዚያ ዛላዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ ማራገፍ እንኳ አላራገፍኩም።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቆሜ ያንን ፎቶ በሁለት ጣቴ አሳደግሁት። ነጩ ዛላ ላይ አምስት ጥቁር የጣት አሻራ አለ። የማን ጣት እንደሆነ ለማወቅ ፖሊስ አያስፈልግም። ያ እቅፍ ተወቅቶ አሁን አማቴ ጎተራ ውስጥ ነው፤ ሰኔ ሲያልቅ የሚዘራው እሱ ነው፤ ሌላ ዘር የላቸውም።

በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። አማቴ ኩርኩራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠፍር ያለሰልሳሉ። ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝና ስልኩን ሰጠኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው፣ ስልኩን አርቀው አዩት። መጀመሪያ ሙሽራውን ለዩት፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ነጠላ የለበሰችውን ባለጢም ሙሽሪት ሲያዩ መሳቅ ጀመሩ፤ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ በጋቢያቸው ጫፍ ዕንባቸውን ጠረጉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በቃ አለፈ ብዬ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ስልኩን ጠጋ አደረጉት።

«በእጁ የያዘው ምንድን ነው?»

«አበባ» አልኳቸው። ያኔ እንኳ ምላሴ አልተወኝም።

ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ቀስ ብለው «ይህ እኮ የኔ ዘር ነው» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዱቄቱ እድፍ ሳይሆን ዘር እንደሆነ፣ ፈረንጆቹ ስሙን ሲያወጡለትም ዘር ብለው እንደጠሩት፣ እህሉ ላይ ተለጥፎ በጋውን አብሮት በጎተራ እንደሚከርም፣ ማሽላው ሲበቅል አብሮ እንደሚበቅል። ክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጌ አስተምሬ አላውቅም። እንደ አማቴም የሚያዳምጥ ተማሪ አግኝቼ አላውቅም።

«እንግዲያው አረማሞውን የዘራኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ስልኬን አልመለሱልኝም። «ልጄን አግኝልኝ» አሉ። ደወልኩላቸው። እኔ ፊታቸው ቆሜ፣ በራሴ ስልክ፣ ለሚስቴ «ይህን ሰውዬ መጥተሽ ውሰጅልኝ» አሏት። ከዚያ ጎተራው ዘንድ ሄደው አንድ እፍኝ ዘር ዘግነው ወደ ብርሃን አወጡት። ነጩ ማሽላ ግራጫ ለብሷል። መልሰው ከተቱት፤ ክዳኑንም ዘጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ አላናገሩኝም። ዘመድ ስለሆንን መገናኘታችን አልቀረም፤ ግን ንግግራቸው ሁሉ በሚስቴ በኩል ሆነ። አጠገባቸው ተቀምጬ «ለባልሽ ውኃውን እንዲያቀብለኝ ንገሪው» ይላሉ። በሚስቴ በኩልም የሰማሁት ዋና ነገር ይህ ነበር፦ ዘንድሮ አይዘሩም። የታመመ ዘር መሬት ላይ አይጥሉም። ሰሊጥ የሚዘራው ጎረቤታቸው መሬቱን ቶሎ ካገኘ በትራክተር ዲስክ እንደሚያርሰው ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም «እናያለን» ብለውታል። አማቴ «እናያለን» ካሉ ግማሽ መንገድ ሄደዋል ማለት ነው።

የግብርና ባለሙያ ጓደኛ አለኝ፤ ሄጄ አማከርኩት። ዘር የሚታሽበት የዱቄት መድኃኒት እንዳለ፣ ጥሩ እንደሚሠራም ነገረኝ። በሚስቴ በኩል አስነገርኩ። መልሱ በሚስቴ በኩል መጣ፦ መድኃኒት የነካው ዘር ከመዝራት ከተረፈ አይበላም፤ ይህ ዘር ደግሞ ከአባታቸው ጀምሮ ከአንድ ጆንያ እየተዘራም እየተበላም የኖረ ነው። ከማይበላ ዘር ሰሊጥ ይሻላቸዋል። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ትከሻውን ሰበቀ። እኔም ቤቴ ገብቼ የት ክፍል ውስጥ አልጋ እንደምንዘረጋላቸው ማሰብ ጀመርኩ፤ ግድግዳውን የሚያዩበት ወንበር የት እንደሚቀመጥ ሁሉ ታየኝ።

ሰኔ ሲገባ ሙሽራው መጣ። ወሎዬው ማለቴ ነው። ገንዳ ውሃ የሠራተኛ ገበያ እንደወረደ እንደ ልማዱ መጀመሪያ አማቴን ሊጠይቅ ሄደ። እኔም ሚስቴም እዚያው ነበርን። ለአረም ሥራ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ሲጠይቅ አማቴ ዘንድሮ የሚታረም እንደሌለ ነገሩት። ለምን ሲል ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ሚስቴ ታሪኩን አወራችለት። የቤቱን ምሰሶ ይዞ ሳቀ። በተለይ የታመመው ዘር የእሱ የሠርግ አበባ መሆኑን ሲሰማ መቀመጥ አቃተው። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና እንደ ቀላል ነገር ተናገረ።

«ታዲያ በላም ሽንት አታጥቡትም እንዴ?»

አማቴ ቀና አሉ።

የወሎዬው አባት ማሽላ ከመዝራታቸው በፊት የላም ሽንት ያጠራቅማሉ። ሳምንት ያህል ተዘግቶ ይከርማል። ከዚያ እኩል ውኃ ይጨመርበትና ዘሩ ይነከርበታል፤ ጀበና ተጥዶ እስኪፈላ ያህል ጊዜ ይቆይና ይወጣል፤ ጥላ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና ይዘራል። አረማሞ ድርሽ አይልም አለ። አማቴም አባታቸው ያደርጉት እንደነበር ትዝ አላቸው፤ እዚህ ሲወርዱ መሬቱ አዲስ፣ ማሽላውም ጤነኛ ስለነበር ነገሩን ረስተውት ኖረዋል። ከግንቦት ወዲህ ዓይናቸው ውስጥ ያላየሁት ነገር ያኔ ብልጭ አለ። የተረፈውም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ይበላ ነበር አሉ።

«ችግሩ» አለ ወሎዬው፣ «ሽንቱን ንጋት ላይ ላሟ ስትነሣ መቅዳት ነው። ተኋላዋ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ትዕግሥት ያለው። የተማረ ቢሆን ጥሩ ነው።»

አማቴ አያናግሩኝም እንጂ ያዩኛል። አዩኝ።

እንዲህ ሆኖ እኔ፣ በማስተማር ሃያ ዓመት ሊሞላው የደረሰ መምህር፣ ለስምንት ቀናት በየንጋቱ በባጃጅ እየመጣሁ ከአማቴ አራት ላሞች በስተኋላ ጣሳ ይዤ ቆምኩ። ላም ስትጠብቃት አታደርገውም፤ ዞር ስትል ጎርፍ ታወርዳለች። አንዷ ጥቁር ላም ሆን ብላ እኔ እስክሄድ የምትጠብቅ ነበረች፤ በአራተኛው ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ያላየኋት መስዬ፣ በመስታወት እያየሁ ነው የያዝኳት። እግሬ ላይ የረገጠችኝ ጊዜ ያየሁት ኮከብ በሰማይ የለም። ወሎዬው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የከርከዴ ሻዩን እየጠጣ ያዘኛል፦

«ክንድህን ዘርጋው መምህሬ፤ ዝቅ በል። ሙሽራ አበባ የሚይዘው እንደዚያ ነው።»

የባጃጁ ሾፌር በሦስተኛው ቀን ሽታው ስላስቸገረው ሽንቱን የማጠራቅምበትን ጀሪካን እዚያው እንድተው፣ እኔም ብሆን ከኋላ ጫፍ ላይ እንድቀመጥ ለመነኝ። ጀሪካኑ ሲሞላ ክዳኑን ስከፍተው የወጣው አሞኒያ ዓይኔን አስለቀሰው። እኔን እንዲህ ካደረገ ስፖሩንም ምን ያደርገው ይሆን ብዬ በሙያዬ ተጽናናሁ። እንዲያውም ሳይንሳዊ ለመሆን ፈልጌ፣ አንድ መስመር ብቻ ሳይታጠብ ይዘራና እናነጻጽር ብዬ በሚስቴ በኩል ሐሳብ አቀረብኩ። መልሱ «ማሽላዬ የባልሽ ፈተና አይደለም በይው» የሚል ነበር።

በዚያው ሳምንት የዓመቱ የመጨረሻ ክለሳ ነበረኝ። ክፍል ገብቼ ቴሊዮ የሚባል ጣሊያናዊ እንዳልነበረ ተናዘዝኩ። ስፖር ዘርም መዝራትም እንደሆነ፣ ቴሎስ መጨረሻ እንደሆነ ጻፍኩ። የሠርጉንም ነገር ነገርኳቸው፤ የላሞቹን ነገር ግን ከተማው ቀድሞ ነግሯቸው ነበር። የመስኮቷ ልጅ የጣሊያናዊውን ታሪክ በአንድ መስመር ሰረዘችና እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ማሽላውን የሚዘሩት ሽማግሌው ከሆኑ የአረማሞው ገበሬ እርስዎ ነዎታ?»

ክፍሉ ሳቀ፤ አሁን እሷም ሳቀች። መልሱን ትክክል ነው አልኳት።

ሰኔ ሲያልቅ ዘሩ ታጠበ፣ ደረቀ፣ አማቴ ዘሩት። ሰሊጥ ዘሪው ጎረቤት ሌላ መሬት ፈልጎ አገኘ። ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነበር፤ አረማሞ ደግሞ ዛላ እስኪወጣ ድረስ ምልክት አያሳይም። ቡቃያው ያምራል፣ አገዳው ይወፍራል፣ ቅጠሉ ይሰፋል፤ ሁሉም ጤነኛ ይመስላል፤ ውስጡ ማን እንዳለ አታውቅም። ክረምቱን ሙሉ ከጸጉር አስተካካዬ ይልቅ ያንን ማሽላ ጎበኘሁ፤ ዛላ ሳያወጣ መጨረሻውን ከአገዳው ላይ ለማንበብ እሞክር ነበር። ጭቃው ውስጥ ስመላለስ ስለዚያ ቃል ማሰቤ አልቀረም። ይህን ነገር መጨረሻ ብሎ የሰየመው ሰው ያየው በመከር ጊዜ ነው፤ ሁሉ ሲደርቅ፣ ፈንገሱም ሥራውን ጨርሶ ዱቄቱን ሲያስቀምጥ። ሰኔ ላይ መጥቶ ቢያየው ኖሮ መጀመሪያ ብሎ ይጠራው ነበር። የአማቴም አቁማዳ ያው ነው። አባታቸው ቤት የመጨረሻው እፍኝ ነበር ይላሉ።

ጥቅምት ላይ ዛላው ሞላ። አማቴ አስጠሩን። እኔ፣ ሚስቴ፣ ወሎዬው፣ እሳቸው፣ አራታችን በአራት መስመር ተሰልፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንዳንዱን ዛላ እያየን ሄድን። ማንም አላወራም። እኔ ራሴ አላወራሁም፤ ይህን የሚያምን ሰው ገንዳ ውሃ ውስጥ አይገኝም። አምና በየእርምጃው ይገኝ የነበረው አመድማ ቋጠሮ ጠፍቷል። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ ብቻ። መጨረሻ ላይ ስንገናኝ የተገኘው ሦስት ዛላ ነው። አማቴ ሁለቴ አስቆጠሩን፤ ሦስት።

እንደ አምናው በዘፈቀደ አልቆረጡትም። ከኪሳቸው ሦስት ፌስታል አወጡ። እያንዳንዱን ዛላ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚሸፍን ሰው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው በፌስታል ሸፈኑ፣ ከሥሩ አሰሩ፣ ከዚያ ቆረጡ። ከእርሻው ውጭ፣ ነፋሱ ወደ መንገዱ በሚሄድበት በኩል ወሎዬው ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር። አማቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙና ዘወር አሉ።

«ና ወዲህ» አሉኝ።

ሚስቴን አየኋት። በሚስቴ በኩል አልነበረም፤ ለእኔ ነው። ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ቀረብኩ። አንዱን ፌስታል ፈታ አደረጉ፣ ጣታቸውን ከተቱ፣ አወጡት። በሰባ ምናምን ዓመታቸው፣ ፊታቸው ላይ አንዲት ፈገግታ ሳያሳዩ፣ ከአንዱ ጆሮዬ እስከ ሌላው ጆሮዬ ጢም ሣሉልኝ። እጃቸው አይቸኩልም፤ ጫፉን ወደ ላይ ቆልምመው ጨረሱት። ወሎዬው መሬት ላይ ተንከባለለ። ሚስቴ ስልኬን ከኪሴ አወጣች።

«አበባውስ?» አልኳቸው።

«አበባ የለም» አሉ።

ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ጢሜ የድሮ ጀኔራልን ያስንቃል፤ እጆቼ ባዷቸውን ተንጠልጥለዋል። ከዚያ ሦስቱን ዛላዎች ከነፌስታላቸው ጉድጓዱ ውስጥ አቃጠልናቸው፣ አፈር መለስንባቸው። አማቴ ራሳቸው ውኃ እያፈሰሱ እስከ ክርኔ ድረስ በሳሙና አሳጠቡኝ፤ ፊቴንም፤ ከጥፍሬ ሥር ያለውንም በእንጨት አስወጡኝ፤ ሸሚዜንም አስወልቀው አራቁት።

ዛላ ምርጫ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ከዳር ቆምን። አንዱን አጎንብሰው አዩ፣ ተዉት፤ ሌላውን አዩ፣ ተዉት። ሦስተኛውን በማጭዳቸው ቆረጡና ይዘውት መጡ። ለሚስቴ የሚሰጡት መስሎኝ ዞር አልኩላቸው። ለእኔ ነው የዘረጉት። ለዘር ዛላው የተነጠፈው ሰሌን ሃያ እርምጃ አይርቅም። ሸሚዝ አልለበስኩም፣ ፀሐዩ ጀርባዬን ይጠብሰዋል፣ ወሎዬው ከኋላዬ የሠርግ ጭብጨባ ጀምሯል። እኔ ዛላውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሰሌኑ እስክደርስ ሳልተነፍስ ሄድኩ።